እስከ አፉ የሞላ አሞርዛተር

ባለፈው ሳምንት ቱሪስት የሚያመላልስ አንድ ወጣት ሹፌር መኪናውን ደጃፌ ላይ አቆመና ስልኩን አቀበለኝ። «እትየ አዝመራ፣ እስቲ ይችን እይልኝ» አለ። ስልኩ ላይ ጓንት ያጠለቀ ፈረንጅ፣ ወለሉ እንደ ሰሃን በሚያበራ ክፍል ውስጥ ቆሞ፣ የመኪና አሞርዛተር ፈታትቶ እንደገና ይገጥማል። አሞርዛተር ማለት ከጎማው አጠገብ ቆሞ የመንገዱን ንዝረት የሚያበርደው፣ ውስጡ ዘይት ያለበት ቱቦ ነው። የሰውየው ቋንቋ አይገባኝም፤ እጁ የሚሠራው ግን ገባኝ። ዘይቱን ቀስ እያለ ቀዳ፣ ቀዳ፣ ከዚያ ገና ሳይሞላ ድንገት ቆመ። እኔም ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን አሳቀሽ?» አለኝ ልጁ።

«ምንም» አልኩት። ሰው ፊት ለፊት እያየኝ ረዘም ያለ ነገር ማውራት ዛሬም አይሆንልኝም። ልጁ ሲሄድ ግን ሥራዬን ትቼ የአሮጌ ጎማ ቁልል ላይ ተቀመጥኩ። የዚያ ዓመት ጥቅምት ከነሽታው መጣብኝ። ለልጁ ልነግረው ያፈርኩትን እዚህ ልጻፈው።

ያኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የተወለድኩት ከዳባት ወጣ ብሎ ባለ የገጠር መንደር ነው። ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ትምህርቱ ቀረ፤ ጥቂት ዓመት ከእናቴ ጋር ቤት ውስጥ ስሠራ ቆየሁና አባቴ ደባርቅ ወንድሙ ቤት አስገባኝ። አጎቴን ጋሼ ደርሶ እለዋለሁ። ከደባርቅ መካነ ብርሃን በአንዲት አሮጌ ፒካፕ ሰውና ዕቃ ያመላልሳል። አጭር፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ከመኪናው ጋር እንደ በሬ የሚነጋገር ሰው ነው። ዳገት ላይ «በይ እንጅ እመቤቴ፣ አታሳፍሪኝ» ሲላት እኔ ራሴ ሰምቻለሁ።

እኔ ደግሞ እንግዳ ሲመጣ በጓሮ በር የምወጣ ልጅ ነበርኩ። ሰው «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ መልሱ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ጓሮ ስወጣ ያቺ ፒካፕ ቆማ አገኛታለሁ፤ ሥሯ ደግሞ ብዙ ጊዜ የጋሼ ደርሶ ሁለት እግሮች ተዘርግተው ይታያሉ። አንድ ቀን ከሥር ሆኖ «ማነህ አንተ፣ አሥራ ሰባት ቁልፍ አቀብለኝ» አለ። አቀበልኩት። «አንች ነሽ እንዴ? እንዲያውም ጥሩ፤ አፍ የሌለው ረዳት ስፈልግ ነበር» ብሎ ሳቀ። እንዲህ ነው ከሰው ስሸሽ መኪና ሥር የገባሁት። ዳዶና ቡሎን በናፍጣ ማጠብ፣ ቁልፎቹን በቁጥራቸው መደርደር፣ የእሱ ወፍራም ጣት የማይደርስበት ቦታ የእኔን ቀጭን እጅ ማስገባት የእኔ ሥራ ሆነ። የአጎቴ ሚስት «ሴት ልጅ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተች ማን ያገባታል?» ብትልም አላስቆመችኝም።

የመኪናዋ ችግር አራቱም አሞርዛተሮቿ መሞታቸው ነበር። ዘይታቸው አልቆ፣ ወደ ቱቦው የሚገባ የሚወጣው ዘንጋቸው እንደ ላላ ጥርስ ወዲያ ወዲህ ይላል። መንገዱ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ከደባርቅ ወጥተው ወደ ላይ ሲሄዱ ድንጋይ ነው፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል የበቀለበት ብርዳማ ሜዳ ላይ ሲደርሱም ድንጋይ ነው፣ ወደ መካነ ብርሃን ሲወርዱ ከድንጋዩ ላይ ጉድጓድ ይጨመራል። ተሳፋሪዎቹ መኪናዋን «ዘላይ» ብለው ነበር የሚጠሯት። «ዘላይ ሄደች ወይስ አለች?» እየተባባሉ መናኸሪያው ላይ ይጠይቃሉ። ጋሼ ደርሶ በስሙ አይቆጣም ነበር። የተቆጣው፣ ቆይቶም ያዘነው፣ በእናቱ ምክንያት ነው።

እናቱ፣ የእኔ አያት፣ እማየ ብርቄ ይባላሉ። የሚኖሩት መካነ ብርሃን ዳር ላይ ነው። በሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ወርዶ፣ ሰውን በድምፁ፣ ደጃቸውን በዳበሳ ካወቁ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። የዓይን ሐኪሞች ለአንድ ሳምንት ደባርቅ ሆስፒታል መጥተው ሞራ እንደሚያነሡ ሲሰማ፣ ጋሼ ደርሶ ደስታውን አልቻለውም። በጎረቤታቸው ስልክ ደወለላቸው። ድምፁን ከፍ አድርጎት ስለነበር እኔም ሰማሁ።

«እማየ፣ ዓይንዎ ሊድን ነው! መጥቼ እወስድዎታለሁ።»

«በምን?» አሉ እማየ ብርቄ።

«በመኪናየ ነዋ።»

«በዘላይ? ያን ጊዜ አንጀቴን ከቦታው ነቅላ ወር ሙሉ ያስተኛችኝ? አልወጣም። ዓይኔ ቢጠፋ ለምጀዋለሁ፤ ወገቤ ከጠፋ ማን ያነሣኛል?»

«በበቅሎስ?»

«ዳሌየ እንደማይችል እያወቅህ!»

«እንግዲያ የሰፈር ሰው ለምኘ በቃሬዛ…»

«ደርሶ!» አሉ፤ ስልኩ እስኪንቀጠቀጥ። «እኔ ሳልሞት በቃሬዛ አልወጣም። መኪናህን መንገድ አስተምራትና ና።» ስልኩ ተዘጋ።

 ጋሼ ደርሶ ወደ ፒካፗ ዞሮ «ሰማሽ?» አላት።

አዲስ አሞርዛተር ደባርቅ ውስጥ አልነበረም። ጎንደር ያለ ወዳጁን አስጠየቀ፤ የተገኘው በስንዝር ያህል አጭር ነው፣ አይገጥምም ተባለ። ያኔ አንድ ሽማግሌ ሹፌር ሲሠራ ያየው ነገር ትዝ አለው፤ አሮጌውን አሞርዛተር ከላዩ ሰርስሮ፣ የተበላሸውን ዘይት አፍስሶ፣ ወፈር ያለ ዘይት ሞልቶ በቡሎን መዝጋት። ቅዳሜ ነበር። ሐኪሞቹ ሰኞ ይገባሉ፤ ዓርብ የመጨረሻ ቀናቸው ነው። «እስከ ረቡዕ እንጨርሳታለን፣ ረቡዕ እንሄዳለን፣ ሐሙስ ይዘናቸው እንመለሳለን፣ ዓርብ ጠዋት ሆስፒታል» አለኝ በጣቱ እየቆጠረ። ከሚስቱ ቀጥሎ ምሥጢሩን የነገረው ለእኔ ነበር። ለማንም እንደማልናገር ያውቃላ።

ቅዳሜ ሙሉ ቀን ስንፈታ ዋልን። ዳዶዎቹ ዝገው ከብረቱ ጋር አንድ ሥጋ ሆነዋል። ናፍጣ እናጠጣቸዋለን፣ እንጠብቃለን፣ እንመታቸዋለን፣ እንደገና እናጠጣቸዋለን። የእሸት ጊዜ ነበርና የአጎቴ ሚስት ባቄላ በእሳት ጠብሳ በሰፌድ አመጣችልን። በናፍጣ እጃችን እየፈለፈልን በላን። እስከ ዛሬ የባቄላ እሸት ስበላ አንድ ነገር የጎደለው ይመስለኛል፤ ናፍጣው ነው መሰለኝ። እሑድ በሰንበት አልነካናትም፤ መኪናዋ አራት ድንጋይ ላይ ቆማ ዋለች፣ ያለፈ ያገደመው «ዘላይ በመጨረሻ ተቀመጠች!» እያለ ሳቀ።

ሰኞ ጠዋት፣ ቅዳሜ ከላያቸው ሰርስረን፣ ዘይታቸውን አፍስሰን ያጠብናቸውን አራቱን አሞርዛተሮች በጆንያ ተሸክመን ሰይድ ዘንድ ሄድን። ሰይድ በርና መስኮት የሚበይድ፣ የጋሼ ደርሶ የልጅነት ጓደኛ ነው። ሁለቱ ሳይሰዳደቡ ሰላም አይባባሉም።

«ምንድን ነው የተሸከምኸው? የመኪናህን አጥንት?» አለ ሰይድ።

«አንተ ዝም ብለህ ቀዳዳው ላይ ዳዶ በይድልኝ።»

ሰይድ አንዱን አንሥቶ አሸተተና ወደ እኔ ዞረ። «በምን አጠብሽው?»

 ጋሼ ደርሶ ስለ እኔ መለሰ፤ «በናፍጣ። ከዚያ ፀሐይ ላይ አስጥታዋለች።»

«ጎበዝ ልጅ። በቤንዚን አጥባው ቢሆን ኖሮ እኔም አንተም እዚሁ አፈር ነበርን። ሚስቴም ከአንተ ጋር አብሬ መሞቴን አትወድም።»

ሰይድ በየቀዳዳው ላይ አንዳንድ ዳዶ በየደ። ጋሼ ደርሶ እናቱን ሊያስመዘግብ ወደ ሆስፒታል ሲሄድ ዘይት መሙላቱን ለእኔ ሰጠኝ። «አየር አስወጭለትና ሙይው» ብሎኝ ሄደ። እኔም ለመቅጃ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገት ቆርጬ፣ የካምቢዮና የሞተር ዘይት የተቀላቀለበትን ጣሳ ይዤ ጓሮ ተቀመጥኩ።

እዚህ ላይ ስለ ሀገሬ አንድ ነገር ልናገር። እኛ ዘንድ ጎዶሎ መስፈር ነውር ነው። አባቴ ለጎረቤት ገብስ ሲሰፍር መስፈሪያው ሞልቶ፣ ክምር ሠርቶ፣ ከጎኑ እየፈሰሰ እንኳ እጁን አይሰበስብም፤ በላዩ አንድ ጭብጥ ምርቃት ይጨምርበታል። ጠላ የምትቀዳ ሴት ብርጭቆውን ከጫፉ ዝቅ ካደረገች «ምነው፣ ጋኑ ደረቀ?» ትባላለች። በዚህ ያደግሁ ልጅ ዘይት ስሞላ እንዴት አድርጌ እንደምሞላ መገመት አያስቸግርም። ዘንጉን እስከ መጨረሻው ስቤ አወጣሁት፣ ወደ ታች ወደ ላይ እያልኩ አየሩን አስወጣሁ፣ ዘይቱ ከቀዳዳው አፍ አብጦ እስኪታይ ሞላሁት። ከዚያም ቡሎኑን ከማስገባቴ በፊት አንድ ጠብታ ምርቃት ጨመርኩለት። አራቱንም እንዲሁ። ከሥራዬ ሁሉ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ማክሰኞ ከአሮጌ የከባድ መኪና ጎማ እንደ በረባሶ እየቆረጥን የጎማ ማረፊያ ሠራንላቸውና ገጠምናቸው። አጥብቄ ስገጥም ዘንጎቹ አልንቀሳቀስ አሉኝ፤ «ጠንካራ ሆኑ ማለት ነው» ብዬ ደስ አለኝ። ከሰዓት በኋላ ለሙከራ ወጣን። ጋሼ ደርሶ ይነዳል፣ ሰይድ ጋቢና ገባ፣ እኔ ከኋላ ጭነቱ ላይ። ከከተማው ወጣ እንዳልን ድንጋያማው መንገድ ጀመረ።

ዘላይ አልዘለለችም። ከዚያ የባሰ ነገር ሆነች። እያንዳንዷ ጠጠር በጎማው ገብታ በጥርሴ ወጣች። አራት እግር ያለው ሰንዱቅ ላይ ተቀምጦ ደረጃ መውረድ ማለት ነው። ሁለት መቶ ሜትር ሳንሄድ ሰይድ በመስኮት «አቁም! አቁም ወንድሜ!» እያለ ጮኸ።

«ድሮ ትዘል ነበር» አለ ወርዶ ወገቡን ይዞ፤ «አሁን ትራገጣለች። እናትህን ልታመጣበት ነው ወይስ ልትጨርሳቸው?»

«ብየዳህ ነው!»

«ብየዳየ? ብየዳየ ዘይቱን አጠነከረው? ዘይትህ ነው እንጅ!»

ሰይድ የኋላ ቀኙን ሊያይ ጎንበስ አለ። ጋሼ ደርሶ በንዴት ጭነቱ ላይ ወጥቶ በሁለት እግሩ ዘለለባት፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው ቡሎኑ ጥርሱን ለቀቀና ዘይቱ ቱር ብሎ የሰይድን ጢምና አዲስ ሸሚዝ አጠበው። ከብት የሚነዱ፣ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ተሰብስበው ነበር። ሳቁ ተራራውን አናወጠው።

«ደርሶ፣ ሰይድን ቅባት ቀባኸው?»

«ለእናትህ በቅሎ ግዛ፣ ይችን ለሆቴል ወንበር ሽጣት!»

ሰይድ ራሱ ጢሙን እየጠረገ ሳቀ። ጋሼ ደርሶ ግን አልሳቀም። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ለራሱ በሚመስል ድምፅ «ነገ ጠዋት እደውልላቸዋለሁ። ይቅር እላለሁ። ለዓይናቸው አልተጻፈም» አለ።

እኔ መኪናው ላይ እንደተቀመጥኩ ነበርኩ። በሆዴ አንድ ነገር ብቻ አውቃለሁ፤ ዘይቱን የሞላሁት እኔ ነኝ። ምን እንዳጠፋሁ ግን አላውቅም። ወደ ቤት ስንመለስ፣ እራት ላይም፣ አፌን ልከፍት ስል ያ የሰው ሳቅ ይመጣብኛል፤ ቁራሼን እውጣለሁ።

ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ። ጓሮው በውርጭ ነጥቷል፤ ብረት ሲነካ ጣት ይጣበቃል። አራቱን አሞርዛተሮች ፈታሁ። ይህን ያደረግሁት ጋሼ ደርሶ ሳይደውል አንድ ነገር ላገኝ ብዬ ነው እንጂ ምን እንደምፈልግ እንኳ አላውቀውም ነበር። የመጀመሪያውን ይዤ ዘንጉን ገፋሁት፤ አይገባም። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ እንደ አለት። አራተኛው ያ ሰይድ ላይ የተፋው ነው። የተበላሸው እሱ ነው ብዬ በመጨረሻ ነበር ያስቀመጥኩት። ገፋሁት። ገባ። ቀስ ብሎ፣ ዝግ ብሎ፣ ማር ውስጥ እንደሚገባ ማንኪያ። ሳብኩት፤ እንዲሁ ወጣ።

እንዴት? ዘይት የጎደለበት ደኅና ሆኖ፣ የሞሉት እንዴት ታመሙ?

በጉልበቶቼ መካከል ይዤው ወዲያ ወዲህ ሳደርገው፣ ክንዴ ሥራውን የሚያውቀው መሰለኝ። እናቴ ቤት ወተት ስንጥ ክንዴ የሚያደርገው ነው። መናጫው ቅል አይሞላም። ከግማሽ ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ የቀረው ለወተቱ መዋኛ ነው። አንድ ጊዜ ልጅ ሳለሁ ቶሎ እንዲበቃኝ ብዬ ቅሉን እስከ አንገቱ ሞልቼው፣ ፀሐይ እስክትዘቀዝቅ ብወዘውዘው ቅቤ እምቢ ብሎኝ ነበር። እናቴ «ምን መሄጃ ሰጠሽውና ይሂድ?» ብላ ግማሹን ገልብጣ ስትንጠው ወዲያው ወጣ። ዘንጉም ወደ ቱቦው ሲገባ ቦታ ይፈልጋል፤ እኔ ግን ከነምርቃቱ ሞልቼ ዘጋሁበት። ሲሰፍሩ ይሞላል፤ ሲንጡ ግን ይጎድላል። እኔ መስፈሩን አስቤ መናጡን ረሳሁት።

ጋሼ ደርሶ በር ላይ ከሰይድና ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ቆሟል። ስልኩ በእጁ ነው። አራት ወንዶች። እግሬ እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም፤ አሞርዛተሩን እንደ ሕፃን ታቅፌ መካከላቸው ቆምኩ።

«ጋሼ፣ አትደውል» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። ሰይድ «ይች ልጅ ትናገራለች እንዴ?» አለ።

«ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ከጀመርኩ ወዲህ የሚያቆመኝ ጠፋ። «እስከ አፉ ሞላሁት። ምርቃትም ጨመርኩበት። ዘንጉ ሲገባ ዘይቱ የሚሄድበት አጣ። ይኸኛው ስለጎደለ ነው የዳነው። እየው… ቅል ሞልቶ አይናጥም።»

ጋሼ ደርሶ አሞርዛተሩን ተቀብሎኝ ገፋው። ሳበው። እንደገና ገፋው። ፊቱ ላይ ሳቅ ቀስ እያለ፣ እንደዚያ ዘንግ ዝግ እያለ ወጣ።

«ምርቃት!» አለ። «ለአሞርዛተር ምርቃት!»

«የአባቷ ልጅ ናት» አለ አንዱ ጎረቤት። ሰይድ ደግሞ «እንግዲያውስ የሸሚዜ ዘይት ነው እናትህን የሚያመጣቸው፤ ስትደርሱ ሰይድ ከጢሙ ላይ የጠረገው ነው በላቸው» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ሳቁ እንደፈራሁት አልነበረም።

ቀሪዎቹን ሦስቱን ገልብጬ እንደገና ሠራሁ። ዘንጉን እስከ መጨረሻው አስገብቼ ሞላኋቸው፣ ከዚያ ከእያንዳንዱ አንድ ሲኒ ቀነስኩ። ለአራተኛው አዲስ ቡሎን ገባለት። እጄ ሲኒውን ሲቀንስ ያፍር ነበር፤ የሰው ድርሻ የምሰርቅ ይመስለኝ ነበር። ከቀትር በፊት ገጠምናቸውና ተነሣን። «አንችም ትሄጃለሽ። እማየ የእኔን ቃል አያምኑም» አለኝ ጋሼ ደርሶ።

ያ መንገድ እንደዚያ ቀን አምሮብኝ አያውቅም። ገብሱ ቢጫ ሆኖ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሣል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች መንገዱ ዳር ተቀምጠው ሣር እየነጩ ቀና ብለው ያዩናል። ረቡዕ ስለነበር በሶ በውሃ በጥብጠን፣ መኪናዋ እየሄደች ጠጣን። እየሄደች! ድሮ በዚያ መንገድ ላይ በሶ የሚጠጣ ሰው ግማሹን የሚጠጣው በአፍንጫው ነበር። ጋሼ ደርሶ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ሆን ብሎ ይገባበታል። መኪናዋ ዝቅ ትላለች፣ ታስባለች፣ ቀስ ብላ ትነሣለች።

ስለመሸብን መንገድ ላይ አድረን ሐሙስ ጠዋት ስንደርስ እማየ ብርቄ ደጃቸው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ በእጃቸው አንዲት ቀይ ዶሮ ይዘው ጠበቁን። ዶሮዋ ለሐኪሙ ስጦታ ናት። በነጭ ዓይናቸው ወደ ሞተሩ ድምፅ ዞረው «ዘላይ ናት?» አሉ።

«ናት፤ ግን ተሠርታለች እማየ» አለ ጋሼ ደርሶ።

«አንተ ሁልጊዜ ተሠርታለች ትላለህ።»

ጋሼ ደርሶ በክርኑ ገፋ አደረገኝ። «እማየ፣ እኔ ሠርቻታለሁ» አልኩ።

«ማናት?»

«አዝመራ ነኝ።»

«ያች ዝምተኛዋ? አንች ድምፅ አለሽ እንዴ ልጀ?» ዶሮዋን ከፍ አድርገው ያዙ። «እንግዲህ ስሙኝ። ይችን ዶሮ ጭኔ ላይ አስቀምጣታለሁ። ዶሮ አትዋሽም። ዶሮየ ከጮኸች እዚያው እወርዳለሁ፤ በእግሬ እመለሳለሁ።»

እንዲህ ተስማማን። እማየ ብርቄ ጋቢና፣ እኔ መካከል፣ ዶሮዋ ጭናቸው ላይ፣ የቋጠሩት ጭኮ እግሬ ሥር። ጋሼ ደርሶ እንደ ታቦት አጃቢ ቀስ እያለ ይነዳል፣ ላብ በግንባሩ ይወርዳል።  ዳገቱን ስንወጣ እማየ ብርቄ ዶሮዋን ዳበስ ዳበስ አድርገው ደነገጡ።

«ደርሶ! ዶሮዋ ሞተች እንዴ?»

አየኋት። «ተኝታ ነው እማየ።»

«ተኝታ? በዘላይ ላይ?» አሉ። ጥቂት ቆይተው እሳቸውም ተኙ። ማንኮራፋታቸው ከሞተሩ ይበልጥ ነበር።

ደባርቅ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ጎርፍ የቆረጠው ቦይ አለ። ጋሼ ደርሶ አላየውም። መኪናዋ ድም ብላ ገብታ ወጣች፤ ዶሮዋም «ቋቅ!» አለች። ጋሼ ደርሶ ፍሬኑን ያዘ። ሞተሩ ጠፋ። ሁለታችንም እማየ ብርቄን እያየን ትንፋሻችንን ዋጥን።

«ምን አቆመህ?» አሉ እሳቸው ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ዶሮዋ ናት እንጅ እኔ መች ጮህኩ? ንዳ!»

ዓርብ ጠዋት ከተመዘገቡት መጨረሻ ላይ ገቡ። ሐኪሙ ዶሮዋን አልቀበልም ብሎ አሳዘናቸው፤ «ዓይኔን ሰጥቶ ዶሮየን የሚመልስ ምን ዓይነት ሰው ነው?» እያሉ አጉረመረሙ። ቅዳሜ ጠዋት ፋሻው ሲነሣ እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ብርሃኑ ከብዷቸው አጎነበሱና መጀመሪያ ያዩት እጃቸውን የያዘውን የእኔን እጅ ነው። ከጥፍሩ ሥር ዘይት ገብቶ ጥቁር ሆኗል። ብዙ አገላበጡት።

«ይኸ ነው ያመጣኝ?» አሉ።

«አዎ እማየ» አልኩ። እጄን አልሰበሰብኩትም።

ሲመለሱ ሌላ ጣጣ ገጠመን። መኪናዋ በየኩርባው እንድትቆም ያዝዛሉ። «አቁም፤ ያ ገደል ድሮም እዚያ ነበር? አቁም፤ ያ የማን ገብስ ነው?» በግማሽ ቀን የሚያልቀው መንገድ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አለቀ። ደጃቸው ደርሰን «ይውረዱ እንጅ» ሲባሉ «ምን አስቸኮላችሁ?» ብለው ጋቢና ውስጥ ቀሩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥቅምት አልፏል። ዛሬ ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚያወጣው መንገድ ዳር የራሴ ቆርቆሮ ቤት አለችኝ፤ አሞርዛተር እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ሰይድ ደንበኛ ሲልክልኝ «ጎዶሎ የምትሞላ ልጅ አለች፣ እሷ ጋ ሂዱ» ይላቸዋል። ጎዶሎ መቅዳት ነውር በሆነበት ሀገር በዚህ መታወቄ ያስቀኛል። አባቴ ሲሰማ መጀመሪያ ተቀይሞ ነበር። አሁንም ሰው ሲበዛብኝ ዓይኔን መሬት ላይ እተክላለሁ፤ ያ ጠባይ ከእኔ ጋር የሚያረጅ ነው። ሆኖም ያን ጠዋት አራት ወንዶች መካከል ቆሜ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ባልል ኖሮ፣ ጥፋቴን እንደ ምሥጢር ይዤው እኖር ነበር እንጂ ሥራ አይሆነኝም ነበር።

እማየ ብርቄ አርጅተዋል፤ ግን በየዓመቱ አንድ ምክንያት ፈልገው ደባርቅ ይመጣሉ። ዘንድሮም መጡ። ጋሼ ደርሶ በራፌ ላይ ሲያቆም እሳቸው ገና ሳይወርዱ በመስኮት ጠሩኝ።

«አዝመራ! የኋላ ግራው አኩርፏል። ከዳገቱ ጀምሮ አይመልስልኝም።»

«ምንም የለውም፤ እኔ ነኝ የምነዳት፣ አልተሰማኝም» አለ ጋሼ ደርሶ።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ቡሎኑ ሥር አንዲት የዘይት ጠብታ ተንጠልጥላለች። ከዚያን ቀን ወዲህ መኪና ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ሹፌሩን አይደለም። ጋቢና የተቀመጠች አሮጊት ካለች፣ ዓይኔን መሬት ላይ እንደተከልኩም ቢሆን፣ እሷን ነው የምጠይቃት።